የሐሳብ ካርታ ለቃል ገለጻ ዝግጅት፦ ጠቀሜታውና ጉድለቱ

1. መግቢያ

ተማሪ ያጠናውን ነገር በክፍል ጓደኞቹ ፊት ቆሞ እንዲያስረዳ ማድረግ በዛሬው የማስተማር ሥራ ውስጥ ሰፊ ቦታ ይዟል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ተከታታይ ምዘናን ካስገባ ወዲህ፣ በተለምዶ «ፕረዘንቴሽን» የሚባለው የቃል ገለጻ ከጽሑፍ ፈተና ጎን ለጎን ነጥብ የሚያዝበት ተግባር ሆኗል። ተማሪው ለዚህ ተግባር በምን ዘዴ ይዘጋጅ ለሚለው ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ የሐሳብ ካርታ ነው። ርእሱ በወረቀቱ መካከል ይጻፋል፤ ከርእሱ ዙሪያ ቅርንጫፎች ይወጣሉ፤ ከቅርንጫፎቹም ሌሎች ቀጫጭን መስመሮች ይዘረጋሉ። ተማሪውም ይህንን ሥዕል ይዞ ይናገራል ተብሎ ይታሰባል።

ዘዴው ቀላል በመሆኑ ብዙ መምህራን ይወዱታል። ይሁን እንጂ ቀላልነቱ ራሱ ሊመረመር የሚገባውን ነገር ይሸፍናል። ካርታውን አሳምሮ የሣለ ተማሪ ለመናገር ሲቆም ቃላቱን አንድ በአንድ ጠርቶ የሚቀመጥበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ሥዕሉ ሙሉ ሆኖ ሳለ ንግግሩ ባዶ የሚሆነው ስለምን ነው? የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የሐሳብ ካርታ ለንግግር የሚሆነውን ቁሳቁስ ይሰበስባል እንጂ ንግግሩን አያዋቅርም የሚል ነው። ሐሳብን ከሐሳብ የሚያስተሳስር ማሰሪያና የአቀራረብ ቅደም ተከተል ካልተጨመሩበት ተማሪውን በጎዳናው አጋማሽ ጥሎት ይቀራል።

ለማስረጃነት የሚቀርቡት ምሳሌዎች በሰሜን ጎንደር ዞን ከሚገኙት ከደባርቅ፣ ከዳባትና ከስሜን ተራሮች ግርጌ የተወሰዱ ናቸው። የዚህ አካባቢ ተማሪ ስለ አገሩ የሚናገረው አያጣም፤ ተራራውን፣ አውሬውን፣ እርሻውንና ገበያውን ያውቃል። ስለዚህ ዘዴው በእርግጥ ለንግግር የሚረዳ መሆን አለመሆኑን ለመለየት አካባቢው ጥሩ መፈተኛ ነው።

2. የዘዴው አመጣጥና ደንቦቹ

«ማይንድ ማፕ» የሚለውን ስያሜ በዓለም ያሰራጨው እንግሊዛዊው ቶኒ ቡዛን ነው። ዘዴው በሰፊው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1974 በቢቢሲ ቴሌቪዥን በቀረበ ተከታታይ ትምህርትና ከዚሁ ጋር በታተመ መጽሐፍ አማካይነት ነበር። የቡዛን ዋና ዋና ደንቦች አራት ናቸው፤ በወረቀቱ መካከል ሥዕል እንዲቀመጥ፣ ልዩ ልዩ ቀለማት እንዲውሉ፣ መስመሮቹ ከመካከሉ ጀምረው እየቀጠኑና እየተጠማዘዙ እንዲሄዱ፣ በእያንዳንዱም መስመር ላይ አንድ ቃል ብቻ እንዲጻፍ ያዛሉ።

በዚያው ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1972፣ በአሜሪካ በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ጆሴፍ ኖቫክና የሥራ ባልደረቦቹ የሕፃናት የሳይንስ ዕውቀት እንዴት እንደሚለወጥ ለመከታተል ሌላ ዓይነት ሥዕል አዘጋጁ። ይህኛው «የጽንሰ ሐሳብ ካርታ» ይባላል። መነሻውም አዲስ ዕውቀት ትርጉም የሚኖረው ተማሪው አስቀድሞ ከሚያውቀው ጋር ሲያያዝ ነው የሚለው የዴቪድ ኦስቤል የትምህርት ሥነ ልቦና ነው። በኖቫክ ካርታ ሁለት ጽንሰ ሐሳቦችን በሚያገናኘው መስመር ላይ የግንኙነታቸውን ዓይነት የሚገልጽ ቃል ይጻፋል። ሁለቱ ጽንሰ ሐሳቦችና አገናኙ ቃል በአንድነት ሲነበቡም የተሟላ ፍሬ ነገር ይሰጣሉ።

በክፍል ውስጥ እነዚህ ሁለት ሥዕሎች እንደ አንድ ነገር ሲቆጠሩ ይታያል። ልዩነታቸው ግን የቅርጽ ብቻ አይደለም። የቡዛን መስመር «እነዚህ ሁለቱ ይዛመዳሉ» ብሎ ያቆማል፤ የኖቫክ መስመር «በምን ይዛመዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። ለቃል ገለጻ ወሳኙ ሁለተኛው ጥያቄ ነው።

3. የማይካድ ጠቀሜታ

ሒስ ሚዛናዊ እንዲሆን በቅድሚያ የዘዴው በጎ ገጽታ መገለጽ ይኖርበታል። አንደኛ፣ ተማሪው ባዶ ወረቀት ፊት ለፊት ተቀምጦ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር በመፈለግ ጊዜውን አያባክንም፤ በአእምሮው የመጣለትን ሁሉ ያለ ፍርሃት ያሰፍራል። ሁለተኛ፣ ከርእሱ ክፍሎች የትኛው እንደሰፋ፣ የትኛው እንደተረሳ በአንድ ዕይታ ለመረዳት ይቻላል። ሦስተኛ፣ ገለጻው በቡድን የሚቀርብ ከሆነ ሥራውን ለመከፋፈል ያመቻል። አራተኛና ዋነኛው ደግሞ ተማሪው ከመጽሐፍ የገለበጠውን ጽሑፍ ቃል በቃል ከማንበብ እንዲላቀቅ ያግዘዋል፤ በእጁ ያለው ወረቀት የሚነበብ ዓረፍተ ነገር የለውምና።

ይሁን እንጂ ይህ የመጨረሻው ጥቅም የጉድለቱም ምንጭ ነው። የሚነበብ ዓረፍተ ነገር አለመኖሩ መልካም ሲሆን፣ የሚነገር ዓረፍተ ነገርም አለመኖሩ ግን ችግር ይፈጥራል።

4. ማሰሪያ የሌለው ቅርንጫፍ

በአማርኛ ሰዋስው ዓረፍተ ነገርን የሚቋጨው ግስ ማሰሪያ አንቀጽ ይባላል። ማሰሪያው እስኪመጣ ድረስ ሰሚው በተስፋ ይጠብቃል። «ገበሬው ዋልያውን» ተብሎ ቢቆም፣ ይጠብቀው ወይም ያባርረው፣ ይየው ወይም አይየው የሚታወቅ ነገር የለም። የተናጋሪው ፍርድ ያለው በማሰሪያው ውስጥ ነው። በአንድ መስመር አንድ ቃል የሚለው ደንብ ሲሠራበት ተማሪው ዘወትር ማለት ይቻላል ስሙን ይዞ ግሱን ይጥላል። ውጤቱም ፍርድ የሌለበት የስሞች ስብስብ ይሆናል።

ለምሳሌ ያህል ስለ ስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ገለጻ እንዲያዘጋጅ የታዘዘ አንድ የደባርቅ ተማሪ ይታሰብ። በመካከል «ስሜን» ብሎ ይጽፋል። «እንስሳት» ከሚለው ቅርንጫፍ ዋልያ፣ ጭላዳ፣ ቀይ ቀበሮ ይወጣሉ። «ታሪክ» ከሚለው 1969፣ 1978፤ «ሕዝብ» ከሚለው ገብስ፣ ከብት፣ ግጦሽ፤ «ቱሪዝም» ከሚለው ደግሞ አስጎብኚ፣ በቅሎ፣ ገቢ ይከተላሉ። በዚህ ካርታ ላይ አንድም የተሳሳተ ቃል የለም። ተማሪው ተነሥቶ ሲናገርም «በፓርኩ ውስጥ ዋልያ አለ፤ ጭላዳ አለ፤ ሕዝቡ ገብስ ያመርታል፤ ቱሪስት ይመጣል» ብሎ ይቀመጣል።

ነገሩ ግን ከዚህ የጠለቀ ነው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1969 ተቋቋመ፤ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት የመጀመሪያዎቹ 12 ቦታዎች አንዱ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1996 የዋልያ ቁጥር በመመናመኑ፣ እርሻና ልቅ ግጦሽ በመስፋፋቱ፣ መንገድም በፓርኩ ውስጥ በመዘርጋቱ በአደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ገባ። በፓርኩ ውስጥ ይኖሩ የነበሩት የግጭ መንደር ነዋሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 ተነሥተው በደባርቅ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ በተከታዩ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ2017፣ ፓርኩ ከአደጋው መዝገብ ወጣ። እንግዲህ የታሪኩ ፍሬ ያለው በግጦሽና በዋልያ፣ በገብስና በቅርስ ጥበቃ፣ በተነሺው ገበሬና በሚመጣው ጎብኚ መካከል ነው። ካርታው ግን «ግጦሽ»ን በወረቀቱ አንድ ጫፍ በአረንጓዴ ቀለም፣ «ዋልያ»ን በሌላው ጫፍ በቀይ ቀለም አስቀምጧቸዋል። ሊያገናኛቸው የሚገባውን ነገር በየፈርጁ ለያይቶታል።

ይህ ጉዳይ ለደባርቅ ተማሪ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ከግጭ የተነሡት ቤተሰቦች የሰፈሩት በዚያው ከተማ ነው። ስለ ፓርኩ ጥቅምና ስለ ጥበቃው ዋጋ ሚዛናዊ በሆነ አነጋገር ማስረዳት የሚችል ወጣት ማፍራት ከትምህርት ዓላማዎች አንዱ ከሆነ፣ የመዘጋጃው ዘዴ ተማሪውን ከዚህ ጥያቄ ጋር ማገናኘት ይኖርበታል። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንደሚባለው፣ በመካከል የሚቀመጠው «ስሜን» የሚለው ስም መሆኑ ቀርቶ «የዋልያው ጥበቃ ማንን ጠቀመ፣ ማንንስ ጎዳ?» የሚለው ጥያቄ ቢሆን ቅርንጫፎቹ ከመጀመሪያው ወደ ክርክር ያመራሉ።

5. የቅደም ተከተል ጉድለት

ሁለተኛው ጉድለት ከጊዜ ጋር የተያያዘ ነው። ካርታ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ያሳያል፤ ንግግር ግን አንዱን ካንዱ አስቀድሞ በተራ ይሄዳል። ከደባርቅ በሊማሊሞ ወደ ዛሪማ የሚወርደውን የጥንቱን መንገድ በካርታ ላይ ያየ ሰው መነሻውንና መድረሻውን በአንድ ዕይታ ይጨብጣል። በመኪና የሚወርደው መንገደኛ ግን ከሚቀጥለው ኩርባ በላይ አይታየውም። አድማጭም እንደ መንገደኛው ነው። ተናጋሪው የት እንዳለና ወዴት እንደሚሄድ ካልነገረው ከመንገዱ ይጠፋል።

በሐሳብ ካርታ ላይ የትኛው ቅርንጫፍ መቅደም እንዳለበት የሚወስን ነገር የለም። ተማሪው ብዙውን ጊዜ ከሣለበት ቅደም ተከተል ይጀምራል፤ ያም በአእምሮው የመጣለት ቅደም ተከተል እንጂ ለአድማጭ የሚያመች አይደለም። በሳለው መሠረት «እንስሳት» ስለቀደመ ስለ ዋልያ ይናገራል፤ ሦስት ቅርንጫፍ አልፎ ስለ ግጦሽ ሲያወራ አድማጩ ዋልያውን ረስቶታል። ዘዴውን የሚደግፉ ወገኖች ቅርንጫፎቹን በመጨረሻ በቁጥር ማመልከት ይቻላል ይላሉ። ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ቁጥር መስጠት አንዱ ለምን ከሌላው እንደሚቀድም ማመዛዘንን ይጠይቃል። ያም የዝግጅቱ ከባዱ ክፍል ሆኖ ሳለ እንደ ማጠናቀቂያ ሥራ ሊታይ አይገባውም።

6. ጥናቶች የሚያመለክቱት

እ.ኤ.አ. በ2002 በለንደን በሕክምና ተማሪዎች ላይ የተደረገ አንድ ጥናት ዘወትር ለዘዴው ድጋፍ ሲጠቀስ ይታያል። በጥናቱ 50 ተማሪዎች 600 ቃላት ያሉት ጽሑፍ አነበቡ፤ ከፊሎቹ በሐሳብ ካርታ፣ ከፊሎቹ በለመዱት የአጠናን ዘዴ ተጠቀሙ። ከአንድ ሳምንት በኋላ የሐሳብ ካርታ ተጠቃሚዎቹ ያነበቡትን ፍሬ ነገር በማስታወስ በልጠው ተገኙ። ሆኖም በዘዴው ለመጠቀም የነበራቸው ተነሣሽነት ከሌሎቹ ያነሰ ነበር። ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት ጥናቱ የለካው ትውስታን መሆኑ ነው፤ በሰው ፊት ቆሞ ማስረዳትን አልለካም።

እ.ኤ.አ. በ2011 ጄፍሪ ካርፒኪና ጃኔል ብላንት በአሜሪካ ያደረጉት ጥናት ደግሞ ወደ ሌላ አቅጣጫ ይመራል። ከተማሪዎቹ አንደኛው ወገን መጽሐፉን ከፊቱ አድርጎ የጽንሰ ሐሳብ ካርታ ሣለ፤ ሌላው ወገን መጽሐፉን ዘግቶ ያነበበውን ከአእምሮው ለማውጣት ሞከረ። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ከአእምሮው ያወጣው ወገን በልጦ ተገኘ፤ ፈተናው ራሱ ካርታ መሣል በሆነ ጊዜ እንኳ ውጤቱ አልተለወጠም። ተማሪዎቹ ግን አስቀድመው የገመቱት የተገላቢጦሹን ነበር። ለመምህር የሚሰጠው ትምህርት ግልጽ ነው። ካርታ የሚጠቅመው መጽሐፉ ተዘግቶ ሲሣል፣ ከተሣለም በኋላ ተሸፍኖ በቃል ሲነገር ነው። መጽሐፍ እያዩ ቃላትን ወደ ቅርንጫፍ ማዛወር ግን ከመገልበጥ ብዙ አይርቅም።

7. ከአገር ቤት ትምህርት የሚገኝ ልምድ

ከአንድ ሥር ብዙ ሐሳብ ማውጣት ለኢትዮጵያ ትምህርት እንግዳ ነገር አይደለም። በጎንደር ጉባኤ ቤቶች የዳበረው የአንድምታ ትርጓሜ አንድን ንባብ ይዞ ይነሣል፤ ትርጉሙን ይሰጣል፤ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላ ትርጉም፣ አስፈላጊ በሆነበትም ታሪክና ምሳሌ ይጨምራል። በቅርጹ ሲታይ ይህም ከግንድ ወደ ቅርንጫፍ የሚሄድ ነው። ነገር ግን እያንዳንዱ «አንድም» የራሱን ማሰሪያ ይዞ የሚቆም ሙሉ ነገር ነው፤ ተራውም የታወቀ ነው፤ ቅርንጫፉ ሲያበቃም መምህሩ ወደ ንባቡ ይመለሳል። በመሆኑም የተማረው ሰው በወረቀት ሳይደገፍ ረዥም ጉዳይ ሳይስት ማብራራት ይችላል።

የቅኔ ቤት ሥርዓት ደግሞ ሌላ ትምህርት ይሰጣል። ተማሪው የሚጀምረው በሁለት ቤት በሚያልቀው በጉባኤ ቃና ነው። ደረጃ በደረጃ እያደገ 8 ቤት ወዳለው ወደ መወድስ ይደርሳል። በየደረጃው የቆጠረውን ቅኔ ለመምህሩ በቃሉ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። ዛሬ በዘመናዊው ትምህርት ቤት ሁለት ዓረፍተ ነገር በሰው ፊት ተናግሮ የማያውቅ ተማሪ የአሥር ደቂቃ ገለጻ እንዲያቀርብ ሲታዘዝ ማየት የተለመደ ነው። የቅኔ መምህር እንዲህ ያለ ትእዛዝ አይሰጥም።

ይህ ሲባል ግን የቀድሞው ትምህርት በሙሉ ወደ ዛሬው ክፍል ይዛወር ማለት አይደለም። የአንድምታ ተማሪ የሚቀበለው የተደራጀ ቃል ነው፤ የዛሬው ተማሪ የራሱን ቃል ራሱ እንዲያደራጅ ይጠበቃል። ሊወሰድ የሚገባው ሁለት ነገር ነው፤ ቅርንጫፍ ሁሉ ማሰሪያ እንዲኖረውና የገለጻው ርዝመት ከአጭር ወደ ረዥም በደረጃ እንዲያድግ።

8. የቋንቋና የምዘና ጥያቄ

ከ9ኛ ክፍል ጀምሮ የማስተማሪያው ቋንቋ እንግሊዝኛ በመሆኑ የዘዴው ጉድለት በእጥፍ ይጨምራል። በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚናገር ተማሪ የጎደለውን ማሰሪያ ከልምዱ ይሞላዋል። በእንግሊዝኛ ግን ስሞቹን ከመጽሐፍ ሊያገኝ ይችላል፤ ስሞቹን የሚያያይዘው ግስ ይቸግረዋል። በካርታው ላይ የተጻፉት ሃያ የእንግሊዝኛ ቃላት ተማሪው ርእሱን የተረዳ ያስመስሉታል፤ ለመናገር ሲነሣ ግን አንዱን ከሌላው ጋር የሚያያይዝበት ዓረፍተ ነገር ያጣል። መምህሩም ካርታውን ብቻ አይቶ ነጥብ ከሰጠ ይህንን ችግር ሳያገኘው ይቀራል። ካርታ ማለት ገለጻ አለመሆኑ እየታወቀ ለሥዕሉ ውበትና ለቀለሙ ነጥብ መስጠት የምዘናውን ዓላማ ያስታል። ባለ ቀለም እርሳስ ለመግዛት አቅም የሌለውን ተማሪም ያለ ጥፋቱ ይቀጣል።

ዕቅድ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባ የጊዜ ጉዳይም አለ። 50 ተማሪዎች ባሉበት ክፍል እያንዳንዱ 5 ደቂቃ ቢናገር 250 ደቂቃ፣ ማለትም ከ6 የ40 ደቂቃ ክፍለ ጊዜ በላይ ይጠይቃል። በዚህ ምክንያት በቡድን ውስጥ ደፋሩ አንድ ተማሪ ይናገርና ሌሎቹ ካርታውን ይዘው ይቆማሉ። በሰሜኑ ጦርነትና ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት የብዙ ተማሪዎች ትምህርት በተቋረጠበት ሁኔታ፣ የሚገኘው እያንዳንዱ ክፍለ ጊዜ ለመሣል ብቻ ሊውል አይገባውም።

9. የማሻሻያ ሐሳቦች

ከላይ ከተገለጹት ነጥቦች በመነሣት የሚከተለው አሠራር ቢሞከር የዘዴው ጥቅም ሳይቀር ጉድለቱን ማቃለል ይቻላል።

ሀ) በካርታው መካከል ከርእስ ስም ይልቅ መልስ የሚሻ ጥያቄ ይጻፍ። የዳባት ተማሪ ስለ እርሻ ሲዘጋጅ «ገብስ» ብሎ ከመጀመር «የቤታችን የገብስ ምርት ካምና ዘንድሮ ስለምን ተለያየ?» ብሎ ቢጀምር የሚሰበስበው ነገር አቅጣጫ ይኖረዋል።

ለ) ካርታው መጽሐፍ ተዘግቶ፣ በአንድ ቀለም እርሳስና በደብተር ገጽ ላይ በ10 ደቂቃ ይሣል። የጎደለው ነገር ከዚያ በኋላ ከመጽሐፍ ይሞላ።

ሐ) በእያንዳንዱ መስመር ላይ ግስ ይጻፍ። «ግጦሽ — ዋልያ» የነበረው «የግጦሹ መስፋት የዋልያውን መኖሪያ አጠበበ» ተብሎ መነበብ ይኖርበታል። ማሰሪያ ያልተገኘለት ቅርንጫፍ ይሰረዝ።

መ) ከቅርንጫፎቹ ሦስቱ ብቻ ይመረጡና በቁጥር ይቀመጡ። ተማሪው አንደኛው ለምን ከሁለተኛው እንደቀደመ ለጎረቤቱ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያስረዳ።

ሠ) ካርታው ተሸፍኖ ገለጻው ሁለት ሁለት ሆነው ለተቀመጡ ተማሪዎች በአንድ ጊዜ ይነገር። በዚህ ዓይነት 50ው ተማሪ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይናገራል፤ መምህሩም እየተዘዋወረ ያዳምጣል።

ረ) የገለጻው ርዝመት ደረጃ ይውጣለት። በመጀመሪያው ወር ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ቀጥሎ አንድ ደቂቃ፣ በዓመቱ መጨረሻ አምስት ደቂቃ ቢሆን ተማሪው ሳይደነግጥ ያድጋል። በእንግሊዝኛ የሚቀርበውም ገለጻ በቅድሚያ በአማርኛ ተነግሮ ፍሬ ነገሩ እንዲጣራ ቢፈቀድ ለቋንቋው ትምህርት ዕንቅፋት አይሆንም።

ሰ) ነጥብ የሚሰጠው ለሥዕሉ ሳይሆን አድማጭ ለሚመልሰው ጥያቄ ይሁን። ተናጋሪው ሲጨርስ ከአድማጮቹ አንዱ «ዋናው ነጥብ ምን ነበር? በምን ማስረጃ ተደገፈ?» ተብሎ ይጠየቅ። አድማጩ መመለስ ከቻለ ገለጻው ተሳክቷል።

እነዚህ ሐሳቦች ተጨማሪ በጀት አይጠይቁም። የሚጠይቁት በመምህራን ሥልጠናና በመምህሩ መምሪያ ውስጥ የሐሳብ ካርታ የዝግጅት የመጀመሪያ ደረጃ ተብሎ እንዲቀመጥ፣ ማሰሪያ የመፈለጉና ቅደም ተከተል የመወሰኑ ሥራም ራሱን የቻለ ትምህርት ሆኖ ጊዜ እንዲመደብለት ነው። ለምዘና የሚዘጋጁ መመሪያዎችም ለካርታው የሚሰጠውን ነጥብ ወደ ንግግሩ ቢያዛውሩ፣ ተማሪው ጥረቱን ከቀለም አውጥቶ በሰው ፊት ወደሚናገራቸው ዓረፍተ ነገሮች ያደርገዋል።